የኪስ ስልክና የሚጥል በሽታ

ከዳባትና ከደባርቅ እህል ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወርደው ነጋዴ፣ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሒሳቡን በኪስ ስልኩ መዝጋት ለምዷል። ይኸው ስልክ ግን ከገንዘብ የሚበልጥ ነገርም ሊጠብቅ ይችላል።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም እንጂ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በሚገባ ተመርምረው ቢታከሙ ከመቶ ሕሙማን እስከ 70 የሚሆኑት ሳይወድቁ ሊኖሩ ይችላሉ። ነገር ግን መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ በርትቶ ይመለሳል፤ ለደጋው ሰው ደግሞ ስለ ኪኒን ብሎ ከተማ መመላለስ ከባድ ነው።

ስለዚህ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረችው ጎንደር፣ ሕሙማኗን በስልክ መከታተል ይገባታል፤ ስንት ጊዜ እንደ ወደቁ፣ ኪኒናቸውም መቼ እንደሚያልቅ እየጠየቀች ትመዝግብ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደ ነበረ አይረሳምና፣ አሠራሩ በተራ ጥሪና በወረቀት መዝገብም ይደገፍ።

ከሁሉ በላይ ምስጢር ይጠበቅ። ወሬው ከሐኪሙ መዝገብ ወጥቶ ወደ አሠሪው ጆሮ ከገባ ሕመምተኛው እንጀራውን ያጣል፤ ለእንጀራው የሚሰጋ ሰው ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል።

ነጋዴም ድርሻ አለው። መድኃኒት ሻጩ ፌኖባርቢታልን ትርፉ አነስተኛ ነው ብሎ ከመደርደሪያው አያጥፋ። ባለሱቁም ሠራተኛው ሲወድቅ በክብሪት ጢስ ማጠኑን ትቶ በጎኑ ያስተኛው፤ ሲነቃ ወደ ሐኪም ይላከው፤ ሲመለስም ሥራው ይቆየው።