ለመጫወቻ ደብተር፣ ለእንጀራ ግምት

ጌዶ ላይ ባዶ ሃይላንድ አንሡና ክዳኗን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉ። ከዚያ ወደ ባኮ ውረዱ። ባኮ ስትደርሱ የሃይላንዷ ጎን ወደ ውስጥ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ጌዶ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ባኮ 1,650 ሜትር አካባቢ ናት። የታችኛው አየር ከላይኛው ስለሚከብድ ላስቲኩን ጨምቆታል።

ይህን ያህል ነገር ሃይላንድ ታውቃለች። በዚያው መንገድ የሚመላለሰው ሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ግን አያውቅም። ካርቡሬተር ቤንዚንን በጠባብ የነሐስ ቀዳዳ እያሳለፈ ከአየር ጋር የሚያደባልቅ ዕቃ ነው። ቀዳዳዋ አንዴ ተበስታለች፤ አየሩ ሳሳም ከበደም ራሷን አታሰፋም፣ አታጠብም። መመጠን ያለበት ሰው ነው። ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ያ ሰው በአብዛኛው አንድ ካቻቢቴ፣ ሁለት ጆሮና የራሱን ግምት ይዞ ነው የሚሠራው።

አምቦ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሹፌሩ ጋራዥ ይገባል። «ወንድሜ፣ ቤንዚን እየበላች አስቸገረችኝ፣ እስኪ ትንሽ ቀንስልኝ» ይላል። መካኒኩ ሞተሩን ያስነሣል፣ ያዳምጣል፣ ብሎኗን ሩብ ዙር ያዞራል። በማግስቱ ሹፌሩ ራሱ ሌላ ሩብ ዙር ይጨምርበታል። ሳምንት ሳይሞላ ባጃጇ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች፣ ከመጠን በላይ ትሞቃለች፣ ጠዋት አልነሣ ትላለች። ወደ ሌላ ጋራዥ ትሄዳለች። እዚያ ያለው መካኒክ ብሎኗ መጀመሪያ የት እንደነበረች አያውቅም፤ ሹፌሩም አያስታውስም። እንደገና ከዜሮ ግምት ይጀመራል።

አሁን ወደ አንድ መጫወቻ እንሂድ። በጃፓን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ በሬዲዮ የሚነዱ፣ በአፈር ሜዳ ላይ የሚወዳደሩ ትንንሽ መኪኖች አሉ። «ባጊ» ይሏቸዋል። የጃፓኑ ኪዮሾ «ኢንፈርኖ» ከታወቁት አንዱ ነው። መጠናቸው የእውነተኛ መኪና አንድ ስምንተኛ ነው፤ ሞተራቸው 3.5 ሲሲ፣ እፍኝ የማይሞላ ነው። ነዳጃቸው ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል፣ ዘይትና ናይትሮሜቴን የተባለ ኬሚካል ድብልቅ ነው፤ ናይትሮሜቴኑ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ሞተሩ በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ተጫዋቾቹም በአብዛኛው ጎልማሶች ናቸው። ልጅ አይችለውም፣ ትዕግሥት ይጠይቃል።

እነዚህ ሰዎች ያንን እፍኝ ሞተር እንዴት እንደሚያስተካክሉ ማየት ደስ ይላል። ካርቡሬተሩ ላይ ሦስት ብሎኖች አሉ፤ አንዷ ለከፍተኛ ፍጥነት፣ አንዷ ለዝቅተኛ፣ አንዷ ለሚኒሞ። አዲስ ሞተር ሲሆን ነዳጅ በዝቶበት፣ እያጨሰ፣ ቀስ ብሎ እንዲላመድ ያደርጉታል። ከዚያም ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ብሎን አይነኩም። ሲነኩም የአንዷን ውጤት ሳያዩ ሌላዋን አያዞሩም። የብሎኗን ስንጥቅ እንደ ሰዓት ዘንግ ይቆጥሩታል፤ «አንድ ሰዓት አጠበቅኳት» ሲሉ የዙር አንድ አሥራ ሁለተኛ ማለታቸው ነው። (የእኛና የፈረንጁ ሰዓት የስድስት ሰዓት ልዩነት እዚህ አያስቸግርም።)

መፈተኛም አላቸው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የነዳጅ ቱቦውን በጣት ይጨምቁታል። ፍጥነቱ ትንሽ ጨምሮ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ከጠፋ ልክ ነው። ወዲያው ከጠፋ ነዳጅ አንሶታል፤ ብዙ ቆይቶ ከጠፋ በዝቶበታል። ቴስታታው ላይ ጠብታ ውኃ ጣል አድርገው በስንት ሰከንድ እንደምትተን ይቆጥራሉ። ጭሱን ያያሉ፤ ሲፈጥን ከኋላው ቀጭን የጭስ መስመር ካልታየ ይፈራሉ፣ ምክንያቱም ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከነዳጁ ጋር ነው የሚመጣው። ነዳጅ አነሰ ማለት ዘይት አነሰ ማለት ነው። ድሮ ዘይት ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለባቸው የሚሄዱትን ባለ ሁለት ምት ባጃጆች የነዳ ሰው ይህን ስጋት ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ይጽፋሉ። ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ የሜዳውን ከፍታ፣ የካንዴላውን ዓይነት፣ እያንዳንዷ ብሎን ስንት ዙር እንደተከፈተች ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። በሚቀጥለው ወር እዚያው ሜዳ ሲመለሱ ከደብተሩ ይጀምራሉ። የሞላውም የአሞርዛተሩ ዘይትም እንዲሁ ይጻፋል።

ለመጫወቻ ነው ይህ ሁሉ። ሞተሩ ቢቃጠል የሚጎዳ ቤተሰብ የለም። ባጃጇ ላይ ግን የቀን ገቢ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የብድር ዕዳ ተጭኗል፤ ስለ እሷ አንድ መስመር የተጻፈበት ወረቀት የለም።

ኪሳራው ምን ያህል ነው? ስሌቱ ከባድ አይደለም። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በካርቡሬተር ቀዳዳ የሚሳበው ቤንዚን ግን በዚያው መጠን አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በአንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ ልክ የነበረ ካርቡሬተር አምቦ ሲደርስ ለአየሩ ከሚገባው ከአሥር እጅ አንድ እጅ በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ትርፉ ቤንዚን ሥራ አይሠራም። ካንዴላ ያጠቁራል፣ በማርሚታ በኩል ይወጣል፣ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል።

በቀን 5 ሊትር የምትጠጣ ባጃጅ እንውሰድ፤ ግማሽ ሊትሩ በከንቱ ይሄዳል። ሰኔ 2014 ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ተብሎ ነበር። ጥር 2017 ሲገባ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህም አልረከሰም። በዚህ ዋጋ እንኳ በወር 26 ቀን ለሚሠራ ሹፌር ከ1,300 ብር በላይ በጭስ ወጣ ማለት ነው። ማደያ ደርቆ በሃይላንድ ከሚሸጥበት ሰው የገዛ ቀንማ ሒሳቡን ባያስበው ይሻለዋል።

ስለዚህ ሹፌሩ «ቀንስልኝ» ማለቱ ትክክል ነው። የሚበላሸው አቀናነሱ ላይ ነው።

አንደኛው ችግር ብሎኗ ናት። በአንዳንድ ካርቡሬተር ላይ የማደባለቂያዋ ብሎን የምትቆጣጠረው አየር ነው፤ በሌላው ላይ ቤንዚን ነው። ወደ አየር ማጣሪያው ወገን ያለች ብሎን አብዛኛውን ጊዜ የአየር ናት፤ ስትጠብቅ አየር ይቀንስና ቤንዚን ይበዛል። ወደ ሞተሩ ወገን ያለችው የቤንዚን ናት፤ ስትጠብቅ ቤንዚን ያንሳል። አንዱን ባጃጅ የለመደ እጅ ሌላው ሞተር ሳይክል ላይ ያንኑ ሲያደርግ ውጤቱ ተቃራኒ ይሆናል። «አጥብቄላት ባሰባት» የሚለው ሹፌር አልዋሸም።

ሌላው ደግሞ ይህች ብሎን ሥልጣኗ በሚኒሞና ጋዝ በትንሹ ሲሰጥ ብቻ መሆኑ ነው። ጋዝ ሙሉ ሲከፈት ቤንዚኑን የምትመጥነው ትልቋ የነሐስ ቀዳዳ ናት፤ ብሎኗን ብታዞሯት ለዳገት ምንም አትፈይድም። ለከፍታ ማስተካከል የሚፈልግ ቁጥሯ አነስ ያለ ቀዳዳ ገዝቶ መቀየር አለበት። ቁጥሩ ጎኗ ላይ ተጽፏል። ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ላጥብባት የሚል ካለ ግን ይተው። ምን ያህል እንዳጠበበ መለካት አይችልም፤ ሙሉ ጋዝ ላይ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል፣ ቫልቩ ይቃጠላል፣ ብሶበት ፒስተኑ ይነክሳል። በአንድ ሊትር ስስት ሞተር ማውረድ ይመጣል።

ፊልትሮውም አለ። በበጋ ከጉደር ወጥቶ በፒስታ መንገድ የሚሠራ ባጃጅ ፊልትሮ በአቧራ ሲደፈን አየር ይቀንሳል፣ ቤንዚን በዛ ይባላል፣ ብሎን ይዞራል። ጥፋቱ የብሎኗ አልነበረም። አንዳንዱ ደግሞ «ትተንፍስ» ብሎ ፊልትሮውን ጭራሽ አውጥቶ ይጥለዋል። ያን ጊዜ አቧራው ፋሻውንና ሲሊንደሩን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይፈጫቸዋል። ባጊ የሚያስሮጡት ሰዎች ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ መጀመሪያ የሚያጥቡት ፊልትሮውን ነው፤ ብሎን የሚነኩት ፊልትሮው ንጹሕ፣ ካንዴላው ደህና፣ ቱቦው ያልተሰነጠቀ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቁ መካኒኮች አምቦ፣ ጊንጪም ሆነ ሆለታ የሉም ማለት አይደለም። አሉ። ካንዴላ ነቅለው ቀለሙን አይተው ብቻ የሚፈርዱ አሉ፤ ጥቀርሻ ከለበሰ በዝቶባታል፣ ነጭ ከሆነ አንሷታል፣ ወተት የነካው ቡና ከመሰለ ልክ ናት። ይህ ዕውቀት ምህንድስና ነው፣ ሌላ ስም አያስፈልገውም። ግን ከጆሮ ወደ ጆሮ እንጂ ከገጽ ወደ ገጽ አይተላለፍም። ጋራዡ ውስጥ ወሬው በኦሮምኛና በአማርኛ ነው፤ የዕቃው ስም ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ማርሚታ እያለ ከጣሊያን ቀርቷል፤ መመሪያው በእንግሊዝኛ ታትሞ ከባጃጇ ጋር ይመጣና የመጀመሪያው ባለቤት ቤት ይቀራል። አዋቂው መካኒክ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ቀን ልኬቱም አብሮት ይሄዳል። ደግሞም ሐቁ ይነገር ከተባለ፣ አንዳንዱ መካኒክ ምስጢሩን መያዝ ይወዳል። ሹፌሩ ካወቀ አይመለስም ብሎ ያስባል። የሚመለሰው ግን ያመነው ሹፌር ነው።

«ካርቡሬተር ሊጠፋ ነው፣ ለምን እንደክማለን?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፤ የኤሌክትሪክ ባለ ሦስት እግሮችም ብቅ ብቅ ብለዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ለአየር መሳሳት ግድ የለውም፤ ከባኮ ጌዶ ቢወጣ ብሎን የሚያዞርለት አይፈልግም። ነገር ግን ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት የቤንዚን ባጃጆችና ሞተር ሳይክሎች ነገ ጠዋት አይጠፉም። ባለቤቶቻቸው በዕዳ የገዟቸው ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ይነዷቸዋል። ባረጁ ቁጥር ደግሞ ማስተካከል ይበዛባቸዋል።

መጀመር ያለበት ከባጃጅ ማኅበራት ነው። አንድ ወፍራም ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዷ ባጃጅ አንድ ገጽ ይሰጣታል፤ የትልቋ ቀዳዳ ቁጥር፣ ብሎኗ ከሙሉ ጥብቅ ስንት ዙር እንደተከፈተች፣ የካንዴላው ቀለም፣ ፊልትሮው የታጠበበት ቀን፣ የነካት መካኒክ ስም። ብሎን ከመንካቱ በፊት ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው እያጠበቀ ዙሩን ቆጥሮ የማይጽፍ መካኒክ ገንዘብ እንዳይከፈለው ማኅበሩ ቢወስን ክፋት የለውም።

ለአምቦ ዩኒቨርሲቲ የመካኒካል ምህንድስና ተማሪዎችና በአካባቢው ላሉ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ደግሞ የተዘጋጀ የመመረቂያ ሥራ እዚህ አለ። አንድ ባጃጅ፣ ሦስት የተለያየ ቁጥር ያላቸው ቀዳዳዎች፣ በመለኪያ የተሰፈረ አንድ ሊትር ቤንዚን። ባኮ፣ አምቦና ጌዶ ላይ በተመሳሳይ ጭነት በእያንዳንዷ ቀዳዳ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች ይለካል። ወንጪ ድረስ ወጥተው ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ቢጨምሩበት ደግሞ ከዚያ በላይ የሚያሻቸው ነገር የለም። ውጤቱ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነው። በኦሮምኛና በአማርኛ ታትሞ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ፣ ከቀን መቁጠሪያው ጎን ይለጠፋል።

እስከዚያ ድረስ ሹፌሩ ራሱ ዛሬ ማታ ባጃጇን ሲያቆም ካንዴላዋን ነቅሎ ቀለሙን ይይ፤ ያየውንም ከነቀኑ ስልኩ ላይ ይጻፍ።