ተዋናዩ ፊልም ሠሪ ሲሆን ቤተ ክርስቲያን የት ናት?



በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ አጥቢያዎቻችን ለገናና ለፋሲካ ድራማ የሚሠሩ ልጆች አሉን። ከእነርሱ አንዱ በቴሌቪዥን ሲትኮም ላይ ብቅ ሲል ግማሻችን «የእኛ ልጅ ነው» ብለን እንኮራለን፤ ግማሻችን «ዓለም ወሰደው» ብለን እናዝናለን። «አሁን የራሴን ፊልም ልሠራ ነው» ብሎ ሲመጣ ግን ሁላችንም ዝም እንላለን። ይህ ዝምታችን ልጆቻችንን እያሳጣን ነው ብለን እናምናለን።

ተዋናይ ሌላው የጻፈለትን ይናገራል። ፊልም ሠሪ ግን ማን እንደሚሳቅበትና ማን እንደሚታዘንለት ይወስናል፤ ይህም የማስተማር ያህል ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ (3፥1) ስለ አስተማሪዎች ከባድ ፍርድ ያስጠነቀቀው እርሱንም ይመለከተዋል። ስለዚህ ወጣቱ ከበፊቱ ይልቅ እረኛ የሚያስፈልገው አሁን ነው።

አሜሪካዊው ከርክ ካሜሮን «ግሮዊንግ ፔይንስ» በተባለው ሲትኮም (ከ1985 እስከ 1992 እ.ኤ.አ.) ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ታዋቂ ሆነ፤ በዚያው ወቅትም ጌታን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2008 በጆርጂያ ግዛት ያለች አንዲት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ባዘጋጀችው «ፋየርፕሩፍ» ፊልም ላይ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ተጫወተ። ብዙዎቹ ሠራተኞች ከምእመናን የመጡ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ይህ ፊልም ከ33 ሚሊዮን በላይ አስገባ። በ2014 በስሙ የወጣው «ሴቪንግ ክሪስማስ» ግን የዓመቱ ደካማ ፊልም ተብሎ «ራዚ» የተባለውን የማላገጫ ሽልማት ተቀበለ። መልእክቱ መንፈሳዊ መሆኑ የሥራውን ድክመት አልሸፈነለትም። እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ ሲሞላው የእጅ ጥበብም እንደሰጠው በዘጸአት 31 እናነባለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከአዳማ ብዙም በማይርቀው በአርሲ እ.ኤ.አ. በ1996 አንዲት ታዳጊ ተጠልፋ ጠላፊዋን ገደለች። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ይህን ታሪክ መነሻ አድርጎ «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ሠራ፤ ጠበቃዋን ሆና የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት ናት። ፊልሙ በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ናታን በአንዲት በግ ታሪክ የዳዊትን ልብ እንደወጋ (2ኛ ሳሙኤል 12)፣ ይህም ፊልም «ባህል ነው» ተብሎ የታለፈውን ጠለፋ በግልጽ እንድናየው አድርጎናል። ሆኖም አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በታሪኩ ባለቤትነት ላይ በተነሣ ክርክር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። የሌላውን ሰው ቁስል የሚተርክ ሁሉ ለባለቤቱ ክብር ተጠያቂ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሽማግሌዎች ሆይ፣ ልጁን በማስታወቂያችን ላይ ለማድመቂያ አንጠቀምበት፤ ከመድረክም አናባርረው። ጽሑፉን እናንብብለት፤ እውነቱን እንንገረው፤ ሥራው ሲከስር እንኳ ቤቱን እናንኳኳ። በ1950ዎቹ በናዝሬት በ«ሰማየ ብርሃን» የተነሣውን መነቃቃት የጀመሩት ተማሪዎች እንደነበሩ የዚህች ከተማ አማኞች መዘንጋት የለብንም።

አንተም ልጃችን፣ ሙያህን በትጋት ተማር። ለመብራት ሠራተኛውና ለካሜራ ባለሙያው የተስማማችሁበትን ደመወዝ በቀኑ ክፈል። ጴንጤ የሆነ ገጸ ባሕርይ ስትጽፍ እንከን የሌለው መልአክ አታድርገው፤ ጎረቤቶችህ እኛን በደንብ ያውቁናል። ደግሞም እሑድ ከጉባኤው አትቅር፤ ካሜራው ሲዘጋ የምትመለስበት ቤት ያስፈልግሃልና።

ጌታ ወጣቶቻችንን ይባርክ፤ ለእኛም የሚሸኝ ብቻ ሳይሆን አብሮ የሚሄድ ልብ ይስጠን። አሜን።