ሰም ለወለል ብቻ አይደለም

በዚህ እትም ከጓዳ ወጣ ብለን ግቢ ውስጥ ወደ ቆመችው መኪና እንሂድ። «ይህስ የወንዶች ጉዳይ ነው» የምትሉ እኅቶች ገጹን አትለፉት። ለብዙዎቻችን መኪናዋ በዕቁብና በብድር የተገዛች፣ ከቤት ቀጥላ ትልቋ ንብረታችን ናት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ያለችውን ይዞ ማቆየትን መርጧል። ቀለሟ አንዴ መላጥ ከጀመረ ሰም አይመልሰውም፤ ያለው ምርጫ እንደገና ማስቀባት ነው፤ ዋጋውን የጠየቃችሁ ታውቁታላችሁ።

በአሁኖቹ መኪኖች ላይ ከዋናው ቀለም በላይ ቀለም የሌለው ስስ ሽፋን አለ፤ ቀቢዎች «ክሊር» ይሉታል። ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ ያህል ቢሆን ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል፤ አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጣራውና ኮፈኑ ከጎኖቹ ቀድመው ነጣ ነጣ የሚሉት ፀሐዩ በቀጥታ ስለሚያርፍባቸው ነው። ሰም የሚቀባው ይህን ክሊር ለመከለል ነው።

ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሲቀቡ ሳይሆን ሲያጥቡ ነው። አቧራ የደረቀበትን መኪና በደረቅ ጨርቅ መጥረግ በአሸዋ ወረቀት እንደማሸት ይቆጠራል። አስቀድማችሁ ብዙ ውኃ አፍስሱበት። ሁለት ባልዲ ይኑራችሁ፤ አንዱ የመኪና ሻምፖ፣ ሌላው ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውኃ። ከጣራ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ ለጎማና ለቸርኬ ሌላ ጨርቅ ያዙ። ኦሞና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የነበረውን ሰም ጠርገው ስለሚወስዱ ለዘወትር አጠባ አይሁኑ። ላቫጆ የምትወስዱ ከሆነም ሻምፖውንና ጨርቁን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጆቹ አይቀየሙም።

ካደረቃችሁ በኋላ እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ በቀለሙ ላይ ቀስ ብላችሁ አንሸራትቱ። ከሻከራችሁ የተጣበቀ ቆሻሻ አለ ማለት ነው፤ ለዚሁ በተሠራ ለስላሳ ጭቃ መሰል ነገር፣ ክሌይ በሚባለው፣ ገጹን እያረጠቡ ማንሳት ይቻላል። ፖሊሽና ሰምን ደግሞ አታምታቱ፤ ፖሊሽ ጭረትን የሚያጠፋው ክሊሩን ጥቂት በመፋቅ ስለሆነ በየወሩ የሚደረግ አይደለም።

ሰሙን ጥላ ሥር ቀቡ። ኮፈኑን በእጅ ዳስሱት፤ ከሞቀ ጠብቁ። ለአንድ በር የጣት ጫፍ ያህል ሰም ይበቃል፤ ሲበዛ ማንሳቱ ያደክማል እንጂ ጥበቃውን አይጨምርም። ጭጋግ መስሎ ሲደርቅ በጣት ሞክሩት፤ ጥርት ብሎ ከለቀቀ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ወልውሉ። አንዳችሁ እየቀባችሁ ሌላኛችሁ ከኋላ ብትወለውሉ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ጥቁር ፕላስቲክና የበር ጎማ ላይ ካረፈ ነጭ ምልክት ስለሚተው ተጠንቀቁ። የሳሎን ወለል ሰም ግን ለመኪና አይሆንም፤ ናፍጣም ለጊዜው ቢያብለጨልጭ አቧራ ይሰበስባል።

የወፍ ኩስ ካያችሁ እስከ ቅዳሜ አታቆዩት፤ ፀሐይ ሲያገኘው ክሊሩን ይበላል። እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አኑሩበትና ሳትፈትጉ አንሱት። ልጃችሁን ወይም የጉባኤውን ሙሽሮች የምትድሩም አበባውን በፕላስተር አታጣብቁት፤ ፀሐይ ላይ ሲውል ሙጫው ይቀራል፣ አሮጌ ቀለምም አብሮ ሊላጥ ይችላል። በሪባን ማሰር ይሻላል።

ከብራዚል ዘንባባ የሚገኘው ካርናባ ሰም አንድ ሁለት ወር ይቆያል፤ ሰው ሠራሹ ከዚያ ይረዝማል። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ከወረደ ሰሙ አለ፤ ተዘርግቶ ከተኛ አልቋል። ጋራዥ ገብታ አዲስ ቀለም የተቀባች መኪና ካለቻችሁ ግን ሰሙን ለማድረግ አትቸኩሉ፤ ቀለሙ በደንብ እስኪተነፍስ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ሊፈልግ ስለሚችል ቀቢውን ጠይቁ።