ተጠልፋ የመጣች ልጅ ከማን ጋር ተጣላችና ነው የምትታረቀው?

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቻቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች መንገድ ላይ ታገቱ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ጥር ላይ የአማራ ክልል ከተሞች አደባባይ ወጥተው መንግሥት ልጆቹ የት እንዳሉ እንዲናገር ጠየቁ። ተገቢ ቁጣ ነበር።

ግን ጠላፊው የሰፈር ልጅ ሲሆን ቁጣው የት ይገባል?

ከቦሩ ሜዳ ዙሪያ ገጠር መጥታ፣ ደሴ ክፍል ተከራይታ፣ ከቤት በሚላክ ስንቅ የምትማር ልጅ መንገድ ላይ ብትጠለፍ ሰልፍ የሚወጣላት የለም። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ «ሁለቱም ልጆቻችን ናቸው» ይባላል። ደብተሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ይህን የሚቃወሙ ሴት ተማሪዎች ናቸው እንግዲህ «ፌሚኒስት» ተብለው የሚሰደቡት። የካቲት 29 ቀን ቡና ሲያፈሉ ይጨበጨብላቸዋል። «ጠላፊው ይከሰስ» ሲሉ ግን ባህል አጥፊ ይሆናሉ።

«የፈረንጅ ሐሳብ ነው» ለሚሉ፦ በ1949ኙ የወንጀል ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። የ1997ቱ ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፈነ። አንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ በኋላ ቢያገባትም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ለዚህ ለውጥ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታት ታግሏል። የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው የሚለውም የገዛ አገራችን ሕግ ነው። ተማሪዎቹ የጠየቁት ይኸው የተጻፈው እንዲፈጸም ብቻ ነው።

ሽምግልና ለወሎ ትልቅ ሀብት ነው፤ ማንም አይንቀውም። ሥራው ግን የተጣላን ማስታረቅ ነው። የተጠለፈች ልጅ ከማንም አልተጣላችም፤ ወንጀል ነው የተፈጸመባት።

በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ስለ ሰው እምነት ሲወሰን፣ የሚወሰንበት ሕዝብ አልተጠየቀም። ዛሬም ስለ ልጅቷ ሕይወት ሲመከር ልጅቷ አትጠየቅም። በወይዘሮ ስህን ስም የተሰየመ አንጋፋ ትምህርት ቤት ያላት ደሴ ሴት ልጅ ስትናገር ልትደነግጥ አይገባም።

ሽማግሌዎች በጠለፋና በአስገድዶ መድፈር ጉዳይ አንቀመጥም ይበሉ። ፖሊስ «በሽምግልና አልቋል» ተብሎ መዝገብ አይዝጋ። ትምህርት ቤቶችም የሴቶች ክበባትን ለበዓል ማድመቂያ ብቻ አይፈልጓቸው።

ለደምቢ ዶሎ ተማሪዎች የጮኸ ሁሉ ለጎረቤቱ ልጅም ይጩህ። አለዚያ የተቆጣው ለልጆቹ ሳይሆን በጠላፊው ማንነት ነበር ማለት ነው።