ካራውን ያወጣችው ዶሮዋ አይደለችም

«ዘሯ ክፉ ነው።»

አዋሽ ሰባትም ሆነ ሰመራ፣ ዶሮ የሚያረባ ሰው ዶሮዎቹ ተነቋቁረው ደም በደም ሲሆኑ የሚሰጠው ፍርድ ይህ ነው። ምስክር የለ፣ ይግባኝ የለ። ተከሳሿ ምንቃሯ ይቆረጣል፤ አልያም ለበዓል ሳትደርስ ድስት ውስጥ ትገባለች። እኔ ግን ዛሬ ጠበቃ ልቆምላት ነው የመጣሁት። የምከሰውም ሌላ ነው፤ ቤቱንና ቤቱን የሠራውን!

እስቲ ወንጀሉ የተፈጸመበትን ስፍራ እንየው። አራት ማዕዘን ቆርቆሮ፣ ጣሪያውም ቆርቆሮ። ሰመራ በበጋዋ ከ40 ዲግሪ በላይ እንደምትግል የማያውቅ የለም። ዶሮ ደግሞ አታልብም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው። በዚህ ምጣድ ላይ አንድ መመገቢያና አንድ የውሃ ጀሪካን ይቀመጥላቸዋል። ቆጥ የለም፤ መሸሸጊያ ጥግ የለም። ጠንካራዎቹ ውሃውን ይከባሉ፣ ደካማዎቹ ተጠምተው ይቆማሉ። ከዚያ አንዷ አንዷን ትነቁራለች፤ ትንሽ ደም ይታያል። ዶሮ ደግሞ ደም ካየች ሁሉም ይረባረባሉ። ታዲያ ይህ የማን ጥፋት ነው?

ሁለተኛው ጥፋት መቀላቀል ነው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ የ45 ቀን ቄብ ገዝቶ ማርባት የብዙ ሰው ወሬ ሆኗል። መልካም! ግን ቄቦቹ እንደመጡ ምን ይደረጋሉ? ከአሮጌዎቹ ጋር በጠራራ ፀሐይ ይወረወራሉ። ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤበ የተባለ ኖርዌያዊ ከመቶ ዓመት በፊት እንዳሳየው ዶሮዎች የማዕረግ ቅደም ተከተል አላቸው። ማን ማንን እንደሚነቁር፣ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ ያውቃሉ። ደረጃው ከታወቀ ፀቡ ይበርዳል። እንግዳ ሲገባ ግን ምርጫው እንደ አዲስ ይጀመራል። በሰፊ ግቢ የተሸነፈችው ትሸሻለች። በጠባብ ቆርቆሮ ውስጥ ወዴት ትሽሽ?

«ተፈጥሮአቸው ነው» ለሚሉኝ ደግሞ ከጎረቤታችን ከአዋሽ ፓርክ ምሳሌ ልምዘዝ። ፈልውሃ አካባቢ የሚታየውን ባለጋማውን ሐማድርያስ ዝንጀሮ ታውቁታላችሁ። የለንደን መካነ እንስሳት እ.ኤ.አ. በ1925 የዚህን ዝርያ መቶ ገደማ ዝንጀሮዎች፣ ከጥቂቶቹ በቀር ወንዶች ብቻ፣ «የዝንጀሮ ኮረብታ» ባለው አጥር ውስጥ አጎራቸው። በ1927 ሠላሳ ሴቶች ሲጨመሩባቸው በአንድ ወር ውስጥ 15ቱ ተገደሉ። ሶሊ ዙከርማን ይህንን አይቶ በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ የዝንጀሮን ማኅበራዊ ኑሮ በወሲብና በጉልበት ላይ የቆመ አድርጎ ሳለው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ኩመር ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ መጥቶ እዚሁ በረሃ ላይ ተመለከታቸው። ምን አገኘ? ወንዱ የሌላውን ወንድ ሴቶች ለይቶ የሚያከብር፣ ሌሊት በገደል ላይ በመቶዎች አብሮ የሚያድር፣ ሥርዓት ያለው ማኅበረሰብ! በለንደን የታየው እልቂት የአጥሩም ሥራ ነበር። የማይተዋወቁትን በአንድ ላይ ዘግቶ «አራዊት ናችሁ» ማለት፣ ሰውን አስርቦ «ሌባ» እንደማለት ነው።

የሚገርመው ይህንን ለማወቅ ለንደንም ዙሪክም መሄድ አያስፈልግም ነበር። ከሰመራ ወጣ ብሎ ያለውን ግመል አርቢ ጠይቁት። በመራቢያ ወቅቱ አረፋ የሚደፍቁ ሁለት ኮርማ ግመሎችን አንድ በረት ውስጥ ዘግቶ የሚተኛ ሞኝ የለም። የግመሉን ጠባይ ተረድቶ አኗኗሩን ያስተካክላል እንጂ ግመሉን አይሰድብም። እኛ ከተሜዎቹ ግን ቆርቆሮ ስናገኝ ይህ ዕውቀት ከአእምሯችን ይጠፋል።

«ታዲያ ለዶሮ ቪላ እንሥራ?» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ማን ቪላ አለ! የአፋር አርብቶ አደር ጎጆውን በዘንባባ ሰሌን የሚያለብሰው አየር እንዲገባ ነው። ሰሌን ለዶሮ ቤት ጥላ መሆን ያቅተዋል? ሁለተኛ መጠጫና መመገቢያ በሌላ ጥግ አስቀምጡ። ከእንጨት ቆጥ ሥሩ። አዳዲሶቹን ቄቦች በሽቦ ወንፊት ለይታችሁ ለሳምንት ያህል ይተያዩ፤ ከዚያ ማታ፣ ቆጥ ላይ ሲሰፍሩ ቀላቅሉ። የቆሰለችውን ቁስሏ እስኪድን አግልሉ። ያለ እረፍት የምታሳድድ ካለችም እሷን ለጥቂት ቀናት አውጧት፤ ስትመለስ ማዕረጓ ወርዶ ታገኙታላችሁ። መኖውንም ፈትሹ፤ ፕሮቲንና ጨው ሲጎድል የባልንጀራቸውን ላባ መንቀል ይጀምራሉ።

ሁሉም ዘር አንድ ነው አልልም። አንዳንዱ ዝርያ ከሌላው ይልቅ ነቋሪ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ነቋሪ መሆኑ ከታወቀ ሰፊ ቦታ ይገባዋል እንጂ ምላጭ አይገባውም። ምንቃር ጥፍር አይደለም፤ ነርቭ አለው፣ ያማል። ከተቆረጠ በኋላም ቤቱ ያው ቆርቆሮ፣ መጠጫውም ያው አንድ ነው። ቁጣው አልጠፋም፤ መሣሪያው ደነዘ እንጂ።

ቄብ የምታከፋፍሉ አካላትም ከክሱ አታመልጡም። ቁጥር ለሪፖርት ያምራል። ግን ለአንዲት እናት ሃያ ቄብ አስረክቦ ስለ ቤቱ ቃል ሳይተነፍሱ መሄድ ምን ይባላል? በወሩ ግማሾቹ ተነቋቁረው ሲያልቁ የከሰረችው እሷ ናት፤ ሪፖርቱ አይደለም። ከእያንዳንዱ ቄብ ጋር የቤት አሠራር ምክር አብሮ ይሰጥ። የሚበዛ ነገር አልጠየቅሁም።

«ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ ጉዳይ ግን የጫርነው እኛ ነን። ካራውንም ያወጣነው እኛው፣ የምናርፍበት ግን አንገቷ ላይ።