ጎመናችን ስንት ያወጣል?



ይህ ጽሑፍ አቤቱታ ነው። አመልካቾቹም በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከቆሼ ክምር ብዙ በማይርቅ ግቢ የምንኖር፣ በግብርና የከሰርን ተማሪዎች ነን። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከታወጀ ወዲህ ‹‹ጓሮህን አልማ›› የሚለው ጥሪ በየቦታው ሲሰማ፣ እኛም ዶማ ተውሰን ቆፈርን። አንድ ክንድ ሳንወርድ መሬቱ ፌስታል፣ የጠርሙስ ስባሪና ያረጀ የጫማ ሶል አበቀለ። ቲማቲም ተከልን፤ አበባው ረገፈ። ጎመን ተከልን፤ ትል ቀደመን። በምርጡ ዓመታችን የቀነጠስነው ሁለት እስር ጎመን ብቻ ነው።

እንግዲህ ካሣ ይገባናል። አትሳቁ፤ ማስረጃ አለን። በአሜሪካ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የእህል ዋጋ እንዳይወድቅ ሲባል፣ ከማሳቸው ከፊሉን ሳያርሱ ለተዉ ገበሬዎች መንግሥት ገንዘብ ከፍሏል። የአውሮፓ ኅብረትም እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ ጦም እንዲያድር ለተደረገ መሬት ይከፍል ነበር። ከእኛ ጓሮ የበለጠ ጦም ያደረ መሬት ወዴት ይገኛል? እነዚያ ተቀምጠው ላለማምረት ተከፈላቸው፤ እኛ ግን ወገባችን እስኪጎብጥ ደክመን ያላመረትነው በነፃ ነው።

ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱ በቋሚነት ለተወሰደበት ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ይል ነበር። እርሱን የተካው የ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ፣ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተሰጠው፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 ይባዛ አለ። ተማሪዎች ነንና ሒሳቡን ሠራነው፤ ሁለት እስር ጎመን በ15 ሲባዛ 30 እስር ጎመን! መንግሥት ጓሮውን ነገ ቢፈልገው 30 እስር ቆጥሮ ያሰናብተን፤ እየዘፈንን እንወጣለን።

እየዘፈንን የምንወጣው ግን ገበሬ ስላልሆንን ነው። በከተማይቱ ዙሪያ ጤፍና ስንዴ ሲያመርት ለኖረው ሰው ይኸው ሒሳብ ቀልድ አይደለም። ሕጉ የሚቆጥርለት ምርቱንና ንብረቱን እንጂ መሬቱን አይደለምና። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተብሏል። ይሁን። ታዲያ ያው መሬት ከገበሬው እጅ ከወጣ በኋላ በሊዝ ጨረታ ዋጋ የሚያወጣው በምን ተአምር ነው? ከገበሬው ሲወሰድ በኩንታል፣ ለባለገንዘብ ሲቀርብ በካሬ ሜትር! ሚዛኑን በመንገድ ላይ የለወጠው ማነው? ለገበሬውማ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነበት።

‹‹መሬት ቢሸጥ ገበሬው ሸጦ ይሰደዳል›› የሚሉን አሉ። እኛም ይሸጥ አላልንም። ነገር ግን ሳይሸጡ መፈናቀል ሸጦ ከመሰደድ በምን ይሻላል? የሸጠውስ ቢያንስ ዋጋውን በገዛ አፉ ይናገራል።

አዲሱ አዋጅ ከአሮጌው እንደሚሻል አንክድም። ግን በ16ኛው ዓመት ልጆቹ ምን ይበሉ? በአንድ ቀን የተቆጠረ ብር፣ የእህል ዋጋ በሚንርበት ገበያ ስንት ክረምት ያሻግራል? ሞፈር ብቻ የለመደ እጅ ያንን ብር ምን ያድርገው? በገዛ እርሻው ላይ ለተሠራው ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ መቀጠር ካሣ ይባላልን? በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. በማስተር ፕላኑ ምክንያት የፈሰሰው ደም ይህን ጥያቄ ማንም እንዳይንቀው አስተምሮናል ብለን ነበር።

ከጓሯችን ቀና ስንል ቆሼ ይታየናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከሥሩ ጎጆ ቀልሰው፣ የዕለት ጉርሳቸውን ከቆሻሻው የሚለቅሙ ነበሩባቸው። የእነርሱ ‹‹ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ›› በየትኛው መዝገብ ተጽፎ ነበር? በደረሰኝ ብቻ የሚቆጥር ካሣ ድሀውን አያየውም። ከማሳው የተነቀለ ገበሬም መጨረሻው እንዲህ ያለ ዳርቻ እንዳይሆን እንፈራለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፤

፩ኛ/ መሬቱ በሊዝ ከሚያስገኘው ገንዘብ ለተነሺው ቋሚ ድርሻ ይታሰብለት።

፪ኛ/ ካሣው በእጁ ሳይገባ፣ የሚኖርበትና የሚሠራው ሳይዘጋጅ፣ ማንም ከማሳው አይነሣ።

፫ኛ/ የሕግ፣ የኢኮኖሚክስና የግብርና ተማሪዎችና መምህራን ወደ ከተማው ዳር ወጥተን፣ የተነሡት ሰዎች ከዓመታት በኋላ የት እንዳሉ ጠይቀን እንጻፍ። ይህን ለመሥራት የማንም ፈቃድ አይጠበቅም።

በ1957 ዓ.ም. ታላላቆቻችን ‹‹መሬት ለአራሹ›› ብለው በዚች ከተማ ተሰለፉ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መሬቱ ለአራሹ ከሆነ፣ ዋጋውስ ለማን ነው?

የጎመናችንን ካሣ ትተነዋል።