ወንዝ ዳሩ ወይስ ወንዙ?

የአቃቂ ወንዞች ከእንጦጦ ግርጌ ኩልል ብለው ይነሣሉ፤ አባ ሳሙኤል ሐይቅ የሚገቡት ግን የቆዳ ፋብሪካውን ክሮሚየምና የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ ተሸክመው ነው። ሕግ የለም እንዳንል የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ቱቦ ግን አዋጅ አያነብም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን የወንዝ ዳር ልማት አንነቅፍም፤ ዛፉም መንገዱም ያስደስታል። ነገር ግን ዳሩን አስጊጦ ውኃውን መተው ፊት ሳይታጠቡ መኳል ነው። ከከተማው በታች ከብቱን የሚያጠጣው ገበሬ መናፈሻው አይደርሰውም፤ የሚደርሰው ፍሳሹ ነው። በዚሁ ውኃ የሚበቅለው ሰላጣና ቆስጣ ደግሞ ተመልሶ ገበያችን ይገባል። ስለዚህ የየፋብሪካው ፍሳሽ በየወሩ ይመርመር፤ ውጤቱም በጋዜጣ ይውጣ፤ ሳያጣራ የሚለቀው ይዘጋ እንላለን። ውጤቱን አስቀድሞ መስማት የሚገባውም ያ ገበሬ ነው።